ስለ ብስክሌትና ስለ ወር ደመወዝ



ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት የሚተረከውን ታሪክ መስማት የለመደ ሰው በዛሬው ንግግራችን ርእስ ሳይደነቅ አይቀርም። «ብስክሌትም ታሪክ አለውን?» ይል ይሆናል። አለው እንጂ። ያውም ታሪኩ በየወሩ መጨረሻ ደመወዛችንን ከምንጠብቀው ከእኛ ከመንግሥት ሠራተኞች ኑሮ ጋር የተያያዘ ነው። በቅሎ የመኳንንት ነበረች፤ አውቶሞቢልም የባለጸጎች ሆኖ ጀመረ፤ ብስክሌት ግን በደመወዝ የሚተዳደር ሰው በራሱ ገንዘብ ገዝቶ የራሱ ሊያደርገው የቻለ የመጀመሪያው ተሽከርካሪ ነው።

ይሁን እንጂ «ሊያደርገው የቻለ» ስንል በአንድ ጊዜ ከኪሱ አውጥቶ ከፈለ ማለታችን አይደለም። ደኅና ብስክሌት ከነመሣሪያው ዋጋው ትናንትም ሆነ ዛሬ ከብዙ ሰው የወር ደመወዝ ይበልጣል። እንግዲህ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሠራተኛው ይህን ዋጋ በምን ዘዴ ሲከፍል ኖረ? አሠሪውስ በነገሩ ውስጥ ምን ድርሻ አለው? እንግሊዞች መልሱን በሕግ ጽፈው አስቀምጠዋል። በእኛም አገር የመልሱ ቁልፍ ቦሌ ላይ ከተገኘ ስድሳ ዓመት አልፎታል፤ ቁልፉን አውጥቶ የብስክሌትን በር የሚከፍትበት ሰው ግን እምብዛም አይታይም።

የውጭ አገሩን ነገር ስናወሳ ዓመቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) እንጠቅሳለን፤ የአገራችንን ስናወሳ ግን ካልተናገርን በቀር በራሳችን አቆጣጠር ነው።

በ1815 እ.ኤ.አ. በዛሬይቱ ኢንዶኔዥያ የሚገኘው ታምቦራ የተባለው ተራራ እሳት ተፍቶ ፈነዳ። የረጨው አመድና ጢስ የፀሐይን ሙቀት ስለ ጋረደ፥ በተከታዩ ዓመት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ብርድ በረታ፤ እህል ጠፋ፤ የፈረስ ቀለብም ተወደደ። በ1817 በጀርመን አገር በማንሃይም ከተማ ካርል ድራይስ የተባለ የደን ሹም ሁለት መንኰራኵሮች በእንጨት አግዳሚ አያይዞ፥ ላዩ ላይ ተቀምጦ መሬቱን በእግሩ እየገፋ ሲሄድ ታየ። አንዳንድ ጸሐፊዎች ድራይስን ለዚህ ሥራ ያነሣሣው የፈረስ ቀለብ መወደዱ ነው ይላሉ፤ ሌሎቹ ይህን ይጠራጠራሉ። እኔ የመጀመሪያዎቹን ባምን ደስ ይለኛል፤ ቤንዚን በተወደደ ቁጥር ሰው ሁሉ ስለ ብስክሌት ሲያወራ ስለምሰማ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ እንለፈው። በ1860ዎቹ በፓሪስ ፔዳል ተጨመረበት። በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ የተባለ እንግሊዛዊ በኮቨንትሪ ከተማ ሁለቱ መንኰራኵሮች እኩል ያህል የሆኑትን፥ የኋላውም በሰንሰለት የሚዞረውን ብስክሌት ሠራ፤ ዛሬ የምንነዳው መልኩ ያው ነው። በ1888 ደግሞ በቤልፋስት ከተማ የሚኖር ደንሎፕ የሚባል የእንስሳት ሐኪም ልጁ በሦስት እግር ብስክሌቱ ሲንገጫገጭ አይቶ አየር የሚሞላ ጎማ አበጀለት። በ1890ዎቹ ፋብሪካዎቹ በሺህ የሚቈጠር ብስክሌት ያወጡ ጀመር። ገዢው ግን ደመወዝተኛ ነበርና ሙሉውን ዋጋ መክፈል አልቻለም። ነጋዴዎቹም አስቀድሞ ለልብስ ስፌት መኪና የተለመደውን ዘዴ ለብስክሌት አዋሉት፤ ዋጋውን ከፋፍለው በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ይቀበሉ ጀመር። ስለዚህ ብስክሌትና ዱቤ የአንድ ዘመን ጓደኛሞች ናቸው ብንል አልተሳሳትንም።

ወደ አገራችን እንመለስ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1896 ዓ.ም. መንገድ የሚዳምጥ በእንፋሎት የሚሠራ ባቡር በአርመናዊው በሰርኪስ ተርዚያን አማካይነት አስመጡ፤ ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» አለው። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ገባ። በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ከተማዋ ደረሰ። እነዚህ ሁሉ በሰው ዘንድ ያስደነቁና የተከበሩ ነበሩ። ብስክሌት ግን እንደ እነርሱ አልተከበረም፤ ምክንያቱም ሩቅ አይደለም። በዚያ ዘመን የሰው ማዕረግ በመንገድ ላይ የሚታወቀው በበቅሎው ጌጥና በተከታዮቹ ብዛት ነበር። በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው አይደክምም፤ የሚደክመው ከኋላው የሚሮጠው አሽከር ነው። ብስክሌት ላይ ግን ጌታውም አሽከሩም አንድ ሰው ነው። ላቡን እያንጠፈጠፈ ራሱን የሚገፋ ሹም ማየት ለዓይን ያስቸግር ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ለብዙ ሰው ዓይን ዛሬም ያስቸግራል።

ፋሽስት ኢጣልያ አዲስ አበባን ከያዘችበት ከ1928 ዓ.ም. እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ፥ ከዚያም በኋላ በከተማው በቀሩት ጣሊያኖች ጋራዦች አማካይነት፥ የመንኰራኵር ሥራ ቃላት ወደ ቋንቋችን በብዛት ገቡ። እስኪ ወደ ጎማ ጠጋኙ ዘንድ ሄዳችሁ አድምጡት። እርሱ ራሱ «ጎሚስታ» ነው፤ የሚጠግነው «ካላማዳሪያ» ነው፤ ጭቃ የሚከላከለው ቆርቆሮ «ፓራፋንጎ» ይባላል፤ በእጁ የያዘው «ካቻቢቴ» ወይም «ፒንሳ» ነው። ሁሉም የኢጣልያ ቃላት ናቸው። የሚያስገርመው ግን «ካቴና» የሚለው ቃል ነው። በኢጣልያ ቋንቋ ሰንሰለት ማለት ነው፤ የብስክሌት ሰንሰለትም በዚሁ ስም ይጠራል። በእኛ ዘንድ ግን ሰንሰለቱ በአማርኛ ስሙ ሲቀር፥ «ካቴና» የእስረኛ እጅ ማሰሪያ ሆነ። የወረራውን ዘመን ለሚያስታውስ ሰው ቃሉ ለምን ወደዚያ እንዳዘነበለ መገመት አያዳግትም።

ብስክሌት የልጅ መጫወቻ ነው ለሚል ሰው ደግሞ ይህን እንንገረው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦሊምፒክ ውድድር በሄደችበት በ1956 እ.ኤ.አ. በሜልቦርን ከተማ የተሰለፈችው በሁለት ስፖርት ብቻ ነበር፤ በሩጫና በብስክሌት። ማሞ ወልዴ በሩጫው፥ ገረመው ደንቦባ ደግሞ በብስክሌቱ ከዚያ ከተገኙት መካከል ነበሩ። በ2016 እ.ኤ.አ. ጽጋቡ ግርማይ በታላቁ የፈረንሳይ ዙር ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፥ ወደ ቦሌ እንምጣ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም አውሮፕላኖቹ የሚነሡትና የሚያርፉት በልደታ ነበር። የጄት ዘመን ሲመጣ የልደታው ሜዳ አልበቃም፤ ስለዚህ በከተማው ምሥራቃዊ ደቡብ ጫፍ ረባዳ በነበረው ቦሌ አዲስ የአውሮፕላን ማረፊያ ተሠራ። የመጀመሪያዎቹ ቦይንግ ጄቶች የደረሱት በ1955 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ፎቅ በፎቅ የሆነውን ቦሌ የሚያይ ሰው ያን ጊዜ ቦታው የከተማ ዳርቻ እንደ ነበረ ሊያምን ይቸግረዋል።

እንግዲህ የዚሁ አየር መንገድ ሠራተኞች በ1964 እ.ኤ.አ. የገንዘብ ቍጠባና ብድር ማኅበር አቋቋሙ። በአገራችን የዚህ ዓይነት ዘመናዊ ማኅበር የመጀመሪያው ይኸው ነው። ቀኑን ልብ ብሎ የሚያይ ሰው አንድ ደስ የሚል ግጥምጥም ያገኛል፤ ራይፋይዘን የተባለው ጀርመናዊ የገጠር ሹም በሄደስዶርፍ የብድር ማኅበሩን የመሠረተው በ1864 ነበርና ልክ መቶ ዓመት ሆኖታል። አየር መንገዱ ዘመናዊ አውሮፕላን ከአሜሪካ አመጣ፤ ሠራተኞቹ ደግሞ ከዓለም የኅብረት ሥራ ታሪክ ዘመናዊ ሣጥን አመጡ። ከሁለቱ የትኛው ለተራው ሰው እንደ ጠቀመ መፍረዱን ለአንባቢ እተወዋለሁ።

«ይህ ምን አዲስ ነገር አለው? እቁብ አልነበረንም ወይ?» የሚል ይኖራል። እቁብ ነበረን፤ አለንም፤ ወደፊትም ይኖረናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ መሆኑን አባቶቻችን የተረዱት ከራይፋይዘን ተምረው አይደለም። ነገር ግን በእቁብና በመሥሪያ ቤት ማኅበር መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። በእቁብ ገንዘቡ መጀመሪያ እጃችን ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ከእጃችን ይወጣል። በመካከሉ ልጅ ይታመማል፤ እንግዳ ይመጣል፤ ለቅሶ ይደርሳል። ዕጣ ቀድሞ የደረሰው ሰው ቢሰወር ደግሞ ዳኛውና ጸሐፊው መከራቸውን ያያሉ። በመሥሪያ ቤት ማኅበር ግን ገንዘቡ እጃችን ከመግባቱ በፊት በደመወዝ ከፋዩ ዘንድ ይቈረጣል። ሠራተኛው የሚፈርመው አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቃሉን የሚጠብቅለት መዝገቡ ነው። አበዳሪው ስጋቱ ስለ ቀነሰ ወለዱ ይቀንሳል፤ ተበዳሪውም የቤት ካርታ ወይም የመኪና ሊብሬ ማስያዝ ሳያስፈልገው የራሱን ቍጠባና የባልደረባውን ዋስትና ይዞ ይቀርባል። የአሠሪው ድርሻ እንግዲህ ይህ ነው፤ ገንዘብ አይሰጥም፥ ግን ቈርጦ ያስተላልፋል። ትንሽ ሥራ ይመስላል። ነገሩ ሁሉ የሚቆመው ግን በእርሷ ላይ ነው።

ከቦሌው ማኅበር በኋላ ሌሎች መሥሪያ ቤቶችም ተከተሉ። በ1958 ዓ.ም. የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቍጥር 241 ወጣ፤ ከብዙ ለውጥ በኋላ በ1991 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 147፥ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቍጥር 985 ተተኩ። ዛሬ ይህን ጽሑፍ ከምታነቡት መካከል ብዙዎቻችሁ የእንዲህ ያለ ማኅበር አባል እንደ ሆናችሁ እገምታለሁ።

እንግሊዞች ያደረጉትን ደግሞ እንይ። በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው የፋይናንስ ሕጋቸው አሠሪ ለሠራተኛው ብስክሌትና የደኅንነት መሣሪያ ቢያውሰው፥ ይህ ጥቅም ከገቢ ግብር ነፃ እንዲሆን ወሰኑ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሠራተኛው ብስክሌቱን ከሱቅ ይመርጣል፤ አሠሪው ይገዛዋል፤ ለሠራተኛውም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ያከራየዋል። ኪራዩ የሚቈረጠው ግብር ከመታሰቡ በፊት ካለው ደመወዝ ላይ ነው። ለምሳሌ 600 ፓውንድ የሚያወጣ ብስክሌት ቢሆን በወር 50 ፓውንድ ይቈረጣል፤ ነገር ግን በ2024 እ.ኤ.አ. በነበረው የግብርና የማኅበራዊ ዋስትና ተመን ብናሰላው መካከለኛ ገቢ ያለው ሠራተኛ እጁ ላይ የሚጎድለው 36 ፓውንድ ያህል ብቻ ነው። የቀረውን መንግሥት ግብሩን በመተው ይሸከመዋል። ዓመቱ ሲያልቅ ብስክሌቱ አሁንም የአሠሪው ነው፤ ሠራተኛው የራሱ ሊያደርገው ቢፈልግ ያረጀውን ዋጋ ገምተው ይሸጡለታል። ጀርመኖችም ከ2012 ጀምሮ ለመሥሪያ ቤት አውቶሞቢል የነበራቸውን የግብር ደንብ ለብስክሌት አድርገውታል።

የእንግሊዙ ደንብ ያማረ ቢሆንም ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። በአገሩ ሕግ የማንም ሰው ደመወዝ በእንዲህ ያለ ቅነሳ ከዝቅተኛው የክፍያ ወለል በታች ሊወርድ አይችልም። ሕጉ የተጻፈው ድኻውን ለመጠበቅ ነው፤ ውጤቱ ግን በዝቅተኛ ደመወዝ የሚሠራው ጽዳት ሠራተኛና ጥበቃ ከብስክሌቱ ዕድል ውጭ መሆናቸው ነው። ግብር ብዙ የሚከፍለው ሰው ብዙ ይተርፈዋል፤ ብስክሌቱ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ሰው ግን ከበር ይመለሳል። የእኛው ማኅበር በዚህ በኩል ይሻላል። ተላላኪውም ዳይሬክተሩም እንደ ቍጠባቸው መጠን ይበደራሉ።

በሌላ በኩል ደግሞ የእኛው ይከብዳል። እንግሊዛዊው ሠራተኛ አስቀድሞ ሳይቈጥብ ብስክሌቱን ያገኛል፤ የእኛ ሰው ግን መጀመሪያ መቈጠብ አለበት። ለምሳሌ ይሆነን ዘንድ አንድ ማኅበር ለአባሉ የቍጠባውን ሦስት እጥፍ ያበድራል እንበል፤ ብስክሌቱም ከነመሣሪያው 30,000 ብር ይፈጃል እንበል። ይህን ለመበደር 10,000 ብር ያህል መቈጠብ ያስፈልጋል፤ በወር 500 ብር የሚያስቀምጥ ሰው ሃያ ወር ይፈጅበታል። ከዚያ በኋላ ብድሩን በሁለት ዓመት ቢከፍል ወለዱ ሳይታሰብ በወር 1,250 ብር ይቈረጥበታል። ስለዚህ ዛሬ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ካያችሁ፥ ሰውየው ምናልባት ስለ እርሷ ማሰብ የጀመረው ሃያ ወር አስቀድሞ ነው።

ደመወዝ ደግሞ የሚቈረጥበት ጫፍ አለው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 በሥሩ ለሚተዳደሩት ሠራተኞች እንደ ደነገገው፥ ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ በአንድ ጊዜ የሚቈረጠው ሁሉ ተደምሮ ከወር ደመወዙ ከሦስት አንድ እጅ ሊበልጥ አይችልም። የመንግሥት ሠራተኞችም በሲቪል ሰርቪስ ሕጋችን ይህን የሲሶ ወሰን እናውቀዋለን። ሕጉ ደግ ነው። ነገር ግን በዚያች ሲሶ ላይ የሚሻማው ብዙ ነው። ግብሩና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮው አስቀድመው ይሄዳሉ። ከቀረው ላይ ባለፈው ዓመት ለልጆች ትምህርት ቤት የተወሰደ ብድር አለ፤ ለቤት እድሳት የተወሰደ አለ። ደመወዙ እጅ ከገባም በኋላ የኮንዶሚኒየሙ ቍጠባ፥ ዕድሩና የቤት ኪራዩ ይጠብቃሉ። ብስክሌት በዚህ ሰልፍ ውስጥ መጨረሻ ላይ ትቆማለች። የሚያሳዝነው ይህ ነው፤ በሰልፉ ካሉት ወጪዎች መካከል የዕለት ወጪን ልትቀንስ የምትችለው እርሷ ናትና።

አሠሪውም ቢሆን በአገራችን ሠራተኛን ወደ ሥራ ለማድረስ ሲያስብ የመጣለት ሌላ ነገር ነበር። ጣሊያን ጥሎት በሄደው የጭነት መኪና በ1935 ዓ.ም. ሕዝብ ማመላለስ ተጀመረ፤ ይህም የአንበሳ አውቶቡስ መነሻ ሆነ። ቀጥሎ ታላላቅ ድርጅቶች «ሰርቪስ» የምንለውን የሠራተኛ ማመላለሻ አሰማሩ። መንግሥትም በ2006 ዓ.ም. የፐብሊክ ሰርቪስ ሠራተኞች ትራንስፖርት አገልግሎት ድርጅትን አቋቁሞ፥ የመንግሥት ሠራተኛው መታወቂያውን አሳይቶ ያለ ክፍያ እንዲሳፈር አደረገ። ይህን አልነቅፍም፤ እኔም በዝናብ ቀን ስሳፈርበት ኖሬአለሁ። ከሃያ ዓመት በላይ ላገለገለ፥ ጉልበቱን ለሚያመው፥ ወይም ከአያት ማዶ ለሚመጣ ሰው አውቶቡስን የሚተካ የለም። ሆኖም ሰርቪሱ የሚያልፈው በአንድ ሰዓትና በአንድ መንገድ ነው። ማታ ሥራ ላይ ለቆየ፥ ወይም ጠዋት ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ ለሚመጣ ሰው አይጠብቅም።

የቦሌና የምሥራቅ አዲስ አበባ ምድር ለብስክሌት የተሰጠ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ከእንጦጦ ወርዶ የሚመጣው የከተማው ዳገት ወደ ቦሌ ሲደርስ ይለዝባል። ከአየር ማረፊያው እስከ መገናኛ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚነዳ፥ ማለትም የማይቸኩል ሰው፥ በሃያ ደቂቃ ይደርሳል። በገርጂ፥ በጉርድ ሾላ፥ በሲኤምሲም እንዲሁ ነው። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለ ስለ ሆነ፥ ጀማሪ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ትንፋሹ ቍርጥ ቍርጥ ማለቱ አይቀርም። አራት ኪሎ ድረስ የሚወጣ ሰው ደግሞ ዳገቱን አስቀድሞ ያስብበት። ማታ ግን ያው ዳገት ቍልቍለት ሆኖ ይክሰዋል።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የጎደለው መንገድ ነበር። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም ጎዳናዎች ለተወሰነ ሰዓት ከመኪና ነፃ ሆነው ለእግረኛና ለብስክሌት መከፈት ጀመሩ። በ2012 ዓ.ም. የትራንስፖርት ሚኒስቴር ሞተር አልባ ለሆነው መጓጓዣ ለዐሥር ዓመት የታሰበ ስትራቴጂ አወጣ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ሥራ ደግሞ ከቦሌ አየር ማረፊያ እስከ መገናኛ ባለውና በሌሎችም ጎዳናዎች ለብስክሌት የተለየ መስመር ተሠራ። መስመሩ ባለበት መልካም ነው፤ መስመሩ በሚያልቅበት ቦታ ግን ብስክሌተኛው ከሚኒባስና ከሲኖትራክ ጋር ይጋፈጣል። ስለዚህ ስለ መሣሪያው ጥቂት ልናገር።

ብዙ ሰው ብድሩን ሲጠይቅ የብስክሌቷን ዋጋ ብቻ ያስባል። ይህ ስሕተት ነው። ሄልሜት የሚባለው የራስ መከላከያ ቆብ፥ የፊትና የኋላ መብራት፥ ጥሩ ቍልፍ፥ የአየር መሙያ ፓምፕ፥ የዝናብ ካፖርት፤ እነዚህ ከብስክሌቷ ጋር ካልተገዙ በኋላ አይገዙም። የእንግሊዙ ሕግ ብስክሌትን ብቻ ሳይሆን የደኅንነት መሣሪያንም በስም የጨመረው ይህን ተረድቶ ነው። ፓራፋንጎ የሌላት ብስክሌት በሐምሌ ጭቃውን ወደ ኮትዎ ጀርባ ትረጫለች፤ ቢሮ ሲገቡ ሰው ከኋላዎ ይሥቃል። ቀሚስና ነጠላ የምትለብሱ እኅቶች ደግሞ ሰንሰለቷ መሸፈኛ ያላትን ምረጡ። ነጠላ በሰንሰለት ተይዞ ስትወድቅ ያየኋትን እኅት አልረሳትም፤ እግዚአብሔር ይመስገን፥ የተጎዳው ጥለቱ ብቻ ነበር።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ሌባ ነው። በእንግሊዙ አሠራር ኪራዩ እስኪያልቅ ብስክሌቱ የአሠሪው ንብረት ስለ ሆነ፥ የኪሳራውና የመድኅኑ ነገር አስቀድሞ በውሉ ይጻፋል። በእኛ ማኅበር ግን ብስክሌቷ ከተገዛችበት ቀን ጀምሮ የተበዳሪው ናት፤ ብትሰረቅም ብድሩ አይሰረቅም። ሠራተኛው ለሌለች ብስክሌት ሁለት ዓመት ይከፍላል፤ እርሱ ቢለቅ ደግሞ ዋስ የሆነው ባልደረባው ይከፍላል። በእኔ አስተያየት አሠሪዎች ሊያስቡበት የሚገባው ዋና ነገር ይህ ነው። ገንዘብ እንዲሰጡ አልጠይቅም። በግቢያቸው ውስጥ ጥበቃው የሚያየው ቦታ ላይ ብስክሌት የሚታሰርበት ብረት ያቁሙ፤ ለመኪና የሚሆን ቦታ ያለው ግቢ ለዚህ አያንስም። አንድ መኪና በሚቆምበት ስፍራ ስምንት ብስክሌት ያለ ችግር ይቆማል።

እኔም ይህን ሁሉ ያወቅሁት በመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ብስክሌቴን የገዛሁት በአንድ ማኅበር ብድር ነው። የብድር ማመልከቻው ላይ «የብድሩ ምክንያት» የሚል ረድፍ አለ፤ ከሥሩም የቤት ሥራ፥ የትምህርት ቤት ክፍያ፥ ሕክምና፥ ሠርግ፥ የቤት ዕቃ የሚሉ ምርጫዎች ተጽፈዋል። እኔ በጠርዙ ላይ «ብስክሌት» ብዬ ጻፍሁ። የሒሳብ ሠራተኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና «ለልጅዎ ነው?» አሉኝ። «ለራሴ ነው፥ እመቤቴ» አልኋቸው። ጥቂት አሰቡ። ከዚያም «እንዲህ ያለ ምክንያት ኮሚቴው ዘንድ ጥያቄ ያስነሣል» ብለው የጻፍሁትን በአንድ መስመር ሰርዘው «የቤት ዕቃ» በሚለው ላይ ምልክት አደረጉ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ጉዳዬ እንዲያልቅልኝ ብለው ነው። በሁለተኛው ሳምንት ገንዘቡ ወጣልኝ።

ይህችን ትንሽ ነገር የማወሳት ለሣቅ ብቻ አይደለም። ወደፊት አንድ የታሪክ ተመራማሪ የአዲስ አበባ ሠራተኞች በብድር ምን ምን እንደ ገዙ ለማወቅ የማኅበራቱን መዝገብ ቢገልጥ፥ አልጋና ቁም ሣጥን፥ ሠርግና ሕክምና ያገኛል። የእኔን ብስክሌት ግን አያገኝም፤ እንደ እኔ ያለውንም ሌላ ሰው አያገኝም። ከዚያም «በዚህ ዘመን ሠራተኛው ብስክሌት አልፈለገም» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ማኅበራችሁ ያንን ቅጽ ሲያሳትም ከምርጫዎቹ መካከል «መጓጓዣ» የሚል አንድ ረድፍ ቢጨምር የሚያወጣው ወጪ የቀለም ጠብታ ነው።

የመጨረሻው ክፍያ ባለፈው ሰኔ ከደመወዜ ተቈረጠ። ካላማዳሪያው በነዚህ ሁለት ዓመታት ሦስት ጊዜ ተለጥፏል፤ የኋላ መብራቱ አንድ ጊዜ ተሰርቆብኝ በሌላ ተክቻለሁ፤ ብስክሌቷ ግን ከገርጂ ወደ ሥራ ሳታደርሰኝ የቀረችበት ቀን በጣት የሚቈጠር ነው። ማኅበሩም ከዕዳ ነፃ መሆኔን የሚገልጽ ደብዳቤ ማኅተም አድርጎ ሰጠኝ። ደብዳቤው «ለቤት ዕቃ መግዣ የወሰዱትን ብድር በሙሉ ከፍለው ያጠናቀቁ መሆናቸውን እናረጋግጣለን» ይላል።